የተንሸራተተ ቅርጽ የተሳሳተ ዜና ነው

በትምህርት ክፍላችን የቪዲዮ ፕሮጀክት ሲታረም ግራፊክስ የሚመዘነው «ውበትና ፈጠራ» በሚለው ረድፍ ሥር ነው። የሰው ስም ተሳስቶ ቢጻፍ ነጥብ ይቀነሳል፤ አሃዝ ቢሳሳት ነጥብ ይቀነሳል፤ የመረጃ ምንጭ ሳይጠቀስ ቢቀርማ ጉድ ይፈላል። ነገር ግን ካርታ ላይ የተተከለው ምልክት ከከተማው ሸሽቶ ሌላ ዞን ላይ ቢያርፍ፣ ወይም የግራፉ ባር እግሩ ከመሠረቱ መስመር ተነቅሎ አየር ላይ ቢንጠለጠል «ትንሽ ያልተስተካከለ ነገር አለ» ተብሎ ይታለፋል። በበኩሌ ይህ አመዳደብ ልክ አይደለም ባይ ነኝ። በዜና ግራፊክስ ውስጥ ቦታ ራሱ መረጃ ነው። ስለዚህ ቦታውን የሳተ ቅርጽ የመረጃ ስህተት እንጂ የውበት ጉድለት አይደለም።

ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ጥቂት ላብራራ። ሞሽን ግራፊክስ የምንለው በቴሌቪዥን ዜና ላይ የምናየውን የሚንቀሳቀስ ጽሑፍ፣ ግራፍ፣ ካርታና የስም ሰሌዳ ነው። በላባችን የምንሠራበት ሶፍትዌር አፍተር ኢፌክትስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት የነበረ ኮሳ የተባለ አነስተኛ ኩባንያ አውጥቶት፣ በ1994 በአዶቢ እጅ የገባ ነው። አሠራሩ በጥቅሉ ቀላል ነው። አንድ ቅርጽ በዚህ ሰከንድ እዚህ ይሁን፣ በዚያ ሰከንድ እዚያ ይሁን ብለን ሁለት ምልክት እናስቀምጣለን። ምልክቱ ኪፍሬም ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ኮምፒውተሩ ራሱ ይሞላዋል። ጥቅሙም ጣጣውም ያለው እዚችው «ራሱ ይሞላዋል» የምትለዋ ላይ ነው።

የፕሮጀክት ማስረከቢያ ሲቃረብ ላብ ገብቶ የሚያውቅ ሰው «ኧረ ይሄ ነገር ለብቻው ይሄዳል!» የሚል ጩኸት ሳይሰማ አይወጣም። ጎረቤት ይጠራል። ጎረቤትም ማውሱን ይቀበልና የሸሸውን ቅርጽ ጎትቶ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ያን ጊዜ አዲስ ኪፍሬም ይፈጠራል። ከሁለት ሰከንድ በኋላ ቅርጹ እንደገና ይሸሻል፤ እንደገና ይጎተታል፤ ሌላ ኪፍሬም ይጨመራል። ማታ ላይ ታይምላይኑ ሲከፈት እንደ ጤፍ የተዘራ ኪፍሬም ነው። አንዱ «ሰይጣን ገብቶበታል» ይላል፤ ሌላው ደግሞ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያበራል። የላባችን ቴክኒሻን ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚሉን፦ «ለምን ሄደ አትበሉ፤ ከየት ተነስቶ ሄደ በሉ።»

ይህን ዓይነቱን ጥገና መለጠፍ ልበለው። መለጠፍ የታየውን ምልክት ያጠፋል እንጂ መነሻውን አይነካም፤ ትኩሳቱን አውርዶ ወባውን እንደ መተው ማለት ነው። ይሄ ለማንኛውም አኒሜሽን መጥፎ ልማድ ነው። ለጋዜጠኛ ግን ከመጥፎ ልማድም በላይ ነው፤ እስቲ ምክንያቱን በቁጥር እንየው።

እንበልና ሁለት ባር መሥራት ፈለግን፤ አንዱ 80 በመቶ፣ ሌላው 40 በመቶ የሚያሳይ። ቁመቱ 500 ፒክስል የሆነ ሶሊድ ሠራንና እግሩን የግራፉ መሠረት በሆነው 900 ላይ አቆምነው። አናቱ 400 ላይ ይደርሳል። (በዚህ ሶፍትዌር ዜሮው ያለው ከላይ በግራ ጥግ ነው፤ ቁልቁል ሲወረድ ቁጥሩ ይጨምራል። ሃይስኩል ከለመድነው ግራፍ ግልባጭ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ያደናግራል።) ከዚያ ባሩን ኮፒ አድርገን የአንዱን ስኬል 80፣ የሌላውን 40 አልነው። ምን ይሆናል?

እያንዳንዱ ቅርጽ አንከር ፖይንት የሚባል ነጥብ አለው። በር በማጠፊያው ላይ እንደሚዞር ሁሉ፣ ቅርጹ የሚያድገውም የሚያንሰውም የሚዞረውም በዚህ ነጥብ ዙሪያ ነው። ሶሊድ ከሆነና እኛ ካልነካነው ነጥቡ የሚገኘው መሀሉ ላይ ነው፤ በምሳሌያችን 650 ላይ ማለት ነው። ስለዚህ ባሩ ሲያንስ ከላይም ከታችም ወደ መሀል ይሰበሰባል። የ80ው ባር ከ450 እስከ 850፣ የ40ው ባር ከ550 እስከ 750 ይሆናል። ሁለቱም እግራቸው ከመሠረቱ ተነቅሏል፤ አንዱ በ50፣ ሌላው በ150 ፒክስል።

እዚህ ላይ ነው መለጠፉ የሚመጣው። ከ750 ጀምሮ ወደ ታች አንድ ባለቀለም ሰቅ ይደረብበታል። ሰቁ የተንጠለጠሉትን እግሮች ይሸፍናል፤ ሁለቱም ባሮች ከሰቁ አናት የበቀሉ ይመስላሉ፤ «አሪፍ ነው፣ ሬንደር አድርገው!» ይባላል። አሁን የሚታየውን እንለካ። የ80ው ባር ከ450 እስከ 750፣ ማለትም 300 ፒክስል። የ40ው ባር ከ550 እስከ 750፣ ማለትም 200 ፒክስል። በእጥፍ የሚበልጠው አሃዝ አንድ ጊዜ ተኩል ብቻ የሚበልጥ ሆኖ ቁጭ አለ። በላዩ የተጻፈው ቁጥር ትክክል ነው። ድምፅ የምታነበው ልጅ ያነበበችው ትክክል ነው። ዓይን ያየው ግን ሐሰት ነው። ማንም ሊዋሽ አላሰበም፤ ሰቁን የደረበው ተማሪ ያሰበው ስለ ውበት ብቻ ነው፤ የምዘና ቅጻችንም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ትክክለኛው ጥገና አንከር ፖይንቱን ወደ ባሩ እግር ማውረድ ነው፤ በቃ። ዋይ የምትለዋን ቁልፍ ተጭኖ በሚመጣው መሣሪያ ነጥቡን ጎትቶ 900 ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ ስኬሉን መስጠት። የ80ው ባር 400 ፒክስል፣ የ40ው ባር 200 ፒክስል ይሆናል፤ እግራቸውም ከመስመሩ ንቅንቅ አይልም። ነገርዬው ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ሰቁን ሠርቶ፣ ቀለም መርጦ፣ ጥላ ጨምሮ እስኪያልቅ ግን ሃያ ደቂቃ ይሄዳል።

ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። ቅርጹ ፖዚሽን ላይ ኪፍሬም ከተደረገለት በኋላ አንከሩን በዚያው መሣሪያ ብናንቀሳቅሰው፣ ሶፍትዌሩ የሚያስተካክልልን የቆምንበትን ቅጽበት ብቻ ነው። ሌሎቹ ኪፍሬሞች በድሮው ልክ ይቀራሉ። ቅርጹም እዚህ ጋ ልክ ይሆንና እዚያ ጋ ይሸሻል። ብዙው የ«ለብቻው ይሄዳል» ጩኸት የሚመጣው ከዚህ ነው። አንከሩን መጀመሪያ፣ ኪፍሬሙን ከዚያ በኋላ ማድረግ ነው። ሌላው የሚያምታታው ነጥቡ ለሁሉም ቅርጽ አንድ ቦታ አለመሆኑ ነው። ባዶ ስክሪን ላይ በቅርጽ መሣሪያ ጥግ ላይ ትንሽ ክብ ብንሠራ፣ ምርጫው ካልተቀየረ በስተቀር አንከሩ የሚቀመጠው የስክሪኑ መሀል ነው፤ ክቡን አዙሪው ስትሉት እንደ ጨረቃ ስክሪኑን ይዞራል። የጽሑፍ አንከር ፊደሎቹ የቆሙበት መስመር ላይ ነው፤ ጽሑፉ በግራ ከተሰለፈ በግራ ጫፍ፣ መሀል ከተሰለፈ መሀል። ነል የምንለው የማይታይ ቅርጽ ደግሞ አንከሩ የላይኛው ግራ ጥጉ ላይ ነው። ይህንን ያወቀ ሰው ሰይጣን አይከስም።

ካርታ ላይ ነገሩ ይብሳል። ኢትዮጵያ ከደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን ጫፍ ብትለካ ወደ 1,280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካርታውን 1080 ፒክስል ቁመት ባለው ስክሪን ላይ 850 ፒክስል አድርገን ብናስቀምጠው፣ አንድ ፒክስል አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። እንግዲህ ምልክታችን 50 ፒክስል ቢንሸራተት 75 ኪሎ ሜትር ተንሸራተተ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለው የአየር ርቀት ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ስለ ጎርፍ፣ ስለ ወረርሽኝ ወይም ስለ ግጭት እየዘገብን ከሆነ ደግሞ የአንዱን ከተማ ሰው ያለ ምክንያት አስደንግጠን የሌላውን አዘናጋን ማለት ነው። ካርታውን የሚያየው እኮ እዚያ እናት ወይም ወንድም ያለው ሰው ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ምንም ይበል፣ ዓይኑ የሚሄደው ቀዩ ምልክት ወዳረፈበት ነው።

ምልክቱ ለምን ይንሸራተታል? አንዱ ምክንያት ያው አንከሩ ነው። የቦታ ምልክት ብዙ ጊዜ እንደ ተዘቀዘቀ የውኃ ጠብታ ነው፤ ቦታውን የሚያመለክተው የታችኛው ጫፉ ነው። ቁመቱ 120 ፒክስል የሆነ ምልክት ጫፉን አዳማ ላይ አሳርፈን ስናበቃ «ትንሽ ተልቋል» ብለን ስኬሉን ወደ 60 ብንቀንሰው፣ አንከሩ መሀሉ ላይ ስለሆነ ጫፉ በ24 ፒክስል ወደ ላይ ይሸሻል። በካርታችን ልክ 36 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ሄደ ማለት ነው። መጠን ቀነስን ብለን ከተማ ቀየርን! አንከሩን ጫፉ ላይ ብናደርገው ኖሮ ምልክቱ የፈለገውን ያህል ቢያድግና ቢያንስ ጫፉ ካለበት አይነቃነቅም።

ሁለተኛው ምክንያት ምልክቱ ከካርታው ጋር አለመታሰሩ ነው። ካርታው ወደ አንድ ክልል እየቀረበ ሲሄድ ምልክቱ ለብቻው ስክሪኑ ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ ከሥሩ ያለው መሬት ይሄዳል። መፍትሔው ምልክቱን ካርታውን እንዲከተል ማሰር ነው፤ ሶፍትዌሩ ይህን ፓረንት ይለዋል፣ ወላጅ ማለቱ ነው። ልጅ ወላጁን ይከተላል፤ ወላጅ ልጁን አይከተልም፤ ባህላችንን የሚያውቅ ሶፍትዌር ነው። ልብ ማለት የሚያስፈልገው፣ ልጁ ከታሰረ በኋላ የፖዚሽን ቁጥሩ የሚለካው ከስክሪኑ ሳይሆን ከወላጁ ነው። ስለዚህ ምስሉ ሳይነቃነቅ ቁጥሩ ተቀያይሮ ሲታይ መደንገጥና መልሶ የድሮውን ቁጥር መጻፍ አያስፈልግም። ወላጁ ስኬሉ 50 ከሆነ ደግሞ ልጁን 100 ፒክስል ስታንቀሳቅሱት ስክሪኑ ላይ የሚሄደው 50 ብቻ ነው። ካሜራ ተጠቅመን ካርታውን ሦስት ገጽታ ካደረግነው ምልክቱም ሦስት ገጽታ መሆን፣ በጥልቀትም ከካርታው እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ ከአውቶብስ መስኮት ስናይ የቅርቡ ዛፍ ሲሮጥ የሩቁ ተራራ እንደሚዘገየው፣ ካሜራው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ምልክቱና ከተማው ይለያያሉ።

ከሁሉ የሚያናድደው ቆሞ የሚንሸራተተው ቅርጽ ነው። ፍላጻው ከግራ መጥቶ ለሦስት ሰከንድ እንዲቆም ፈልገን ሁለት እኩል ቁጥር ያላቸው ኪፍሬሞች እናስቀምጣለን። ቁጥሩ እኩል ነው፤ ተመልሰን ብናይም እኩል ነው። ፍላጻው ግን አይቆምም፤ ቀስ ብሎ ወጣ ይልና ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱ ሶፍትዌሩ መንገዱን ሲሞላ ቀጥታ መስመር ሳይሆን የተጠማዘዘ መስመር መምረጡ ነው። ለስላሳ እንዲሆንልን አስቦ ነው፤ እኛ ግን አላዘዝነውም። ኪፍሬሞቹን መርጦ የቦታ መንገዳቸውን ሊኒየር ማድረግ፣ ወይም የቆመበትን ኪፍሬም ሆልድ ማድረግ ይበቃል። ምርጫዎች በሚለው ሳጥን ውስጥ አንድ ጊዜ ሊኒየርን መነሻ አድርጎ ከተዘጋም ለሚቀጥለው ሥራ ሁሉ ይገላግላል። ከሁለት ኪፍሬም መሀል ሦስተኛ፣ ከሦስተኛው አጠገብ አራተኛ እየጨመሩ ቅርጹን አፍኖ ለማቆም መታገል ግን ከመለጠፍም የባሰ ነው፤ እያንዳንዱ አዲስ ኪፍሬም አዲስ ኩርባ ይዞ ይመጣልና።

አላይን የሚለውን ሳጥን ብዙዎቻችን እንደ ታምር እናየዋለን። አንዴ ጠቅ ሲደረግ ሁሉም ይሰለፋል። እሱ ግን የሚያሰልፈው የቅርጹን ዳር አይቶ ነው፤ አንከሩን አይጠይቅም። ኪፍሬም ያለው ቅርጽ ላይ ከተጠቀምነው ደግሞ የሚያሰልፈው የቆምንበትን ቅጽበት ነው። ስለዚህ ኪፍሬም ከመጀመሩ በፊት የሚሠራበት መሣሪያ ነው።

ስለ ፊደላችንም ጥቂት ልበል። በዝግጁ የምናገኛቸው የስም ሰሌዳ ቴምፕሌቶች በአብዛኛው የተሠሩት ለላቲን ፊደል፣ ያውም በትልልቁ ፊደል ብቻ ለሚጻፍ ስም ነው። ሁሉም ፊደል እኩል ቁመት አለው ብለው ነው የሚነሱት። የእኛ ግን እንደዚያ አይደለም። ሸ፣ ቸ፣ ኘና ዠ አናታቸው ላይ ይጨምራሉ፤ ቋ፣ ጓ፣ ሟና ቧ እግራቸው ሥር ይጨምራሉ። በጽሑፉ ልክ የሚሰፋና የሚጠብ ሰሌዳ በሶርስ ሬክት አት ታይም ትእዛዝ ሲሠራ፣ ትእዛዙ የሚለካው የተጻፉትን ፊደሎች እውነተኛ ስፋትና ቁመት ነው። ስለዚህ «ከበደ» ከሚለው «ሟች» ወደሚለው ስንቀይር ሳጥኑ ራሱ ይዘላል፤ ሰልፉም ይፈርሳል። ስፋቱን ከጽሑፉ ወስዶ ቁመቱን ግን በቋሚ ቁጥር ማሰር ይሻላል። ፎንትም ሌላ ጣጣ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር በተዘጋጁ ፎንቶች የተጻፈ ስም ግን ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ውጥንቅጥ ሆኖ ይመጣል። ዩኒኮድ ሆኖም ፎንቱ ከጠፋ ሶፍትዌሩ በሌላ ይተካውና የቃላቱ ስፋት ይለወጣል፤ ማዕረጉ ከሰሌዳው ይወጣል፤ የአባት ስም ይቆረጣል። ቤት የሠሩትን ፍላሽ ላይ ይዘው ላብ ሲመጡ «ትናንት ደህና ነበር» የሚሉ ልጆች ጉዳይ ይኸው ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለአንዳንዱ የጥቃቅን ነገር ጭቅጭቅ ሊመስለው ይችላል። እሺ፣ ወደ ፊት መሸፈን እንምጣ። ስሟና መልኳ እንዳይታወቅ ቃል የገባንላት አንዲት ምንጭ አለች እንበል። ፊቷን በሞዛይክ እንሸፍናለን። እሷ ስታወራ ራሷን ታነቃንቃለች፤ ሞዛይኩም መከተል አለበት። በትራከር ተከታትለን እንቅስቃሴውን ለነል ሰጥተን፣ ሞዛይኩን ነሉን እንዲከተል አሰርነው። በመሀል ፊቷን ወደ ጎን ስታዞር ትራከሩ የያዘውን ነጥብ ይስታል፤ ሞዛይኩ ጆሮዋ አካባቢ ይቀራል። ለሦስት ፍሬም ብቻ! በሰከንድ 25 ፍሬም በሚሄድ ቪዲዮ ሦስት ፍሬም ከአንድ ሰከንድ ስምንተኛ እንኳ ያንሳል። በተራ ፍጥነት ሲታይ ማንም ልብ ላይለው ይችላል። ቪዲዮውን አቁሞ ለሚያይ ሰው ግን አንድ ፍሬም ይበቃዋል፤ በዛሬ ጊዜ ደግሞ ማንም ስልኩ ላይ አቁሞ ያያል።

እዚህ ላይ መለጠፍ ምን እንደሚሆን አስቡት። የሸሸውን ሞዛይክ ሸሽቶ በታየበት ቦታ ጎትቶ መመለስ፣ ኪፍሬም ማስቀመጥ፣ ማለፍ። በሁለቱ ኪፍሬሞች መካከል ግን ሶፍትዌሩ መንገዱን በራሱ ኩርባ ይሞላዋል፤ ፊቷ ደግሞ በሌላ መንገድ ትሄዳለች። ያልታየው ቀዳዳ ያለው እዚያ መሀል ነው። ስለዚህ ሞዛይኩን ከፊቱ በደንብ አስፍቶ መጀመር፣ ትራከሩ የሳተበትን ፍሬም ፈልጎ ከዚያ ጀምሮ እንደገና መከታተል፣ ከዚያም ፔጅ ዳውን እየተጫኑ ፍሬም በፍሬም እስከ መጨረሻው ማየት ያስፈልጋል። የሁለት ደቂቃ ቃለ መጠይቅ 3,000 ፍሬም ነው። አዎ፣ አሰልቺ ነው። በሥነ ምግባር ክፍል «ምንጭን መጠበቅ» ብለን ለፈተና የምናጠናው ግን በተግባር ይሄ ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው?

«እኛ ጋዜጠኛ ነን፤ ለዚህ ግራፊክስ ዲዛይነር አለ» የሚል መልስ ከጓደኞቼ ሰምቻለሁ። ክርክሩ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። በትልልቅ ጣቢያዎች ለዚህ ሥራ የተቀጠረ ባለሙያ አለ፤ የጋዜጠኛው ጊዜም ለዘገባ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ተመርቀን የምንሄድባቸው ብዙ ቦታዎች ላይ ካሜራ የያዘው፣ ያዘጋጀውና ግራፉን የሠራው አንድ ሰው ነው። ባለሙያ ባለበትም ቢሆን ባለሙያው አዳማ የት እንዳለ ላያውቅ ይችላል፤ ሴትየዋ ለምን ፊቷ እንደተሸፈነም አልተነገረው ይሆናል። የሚያውቀው ዘጋቢው ነው። ዘጋቢው ደግሞ «አንከሩ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ካልቻለ የተሰጠውን ይዞ ይወጣል። ስለ ካሜራ ሌንስ እየተማርን «እኛ ካሜራማን አይደለንም» አላልንም እኮ።

«ተመልካች በማስመሪያ አይለካም» የሚሉም አሉ። አይለካም፤ ያየውን ያምናል እንጂ። ክርክሩ ወደ እኔ ያጋደለ ይመስለኛል።

በሌላ በኩል እንቅስቃሴ ሁሉ በማስመሪያ ይታሰር እያልኩ አይደለም። ለመዝናኛ ዝግጅት መግቢያ ኳሷ እንደፈለገች ትንጠር፤ ፊደሎቹም ይጨፍሩ። የምርጫ ውጤት የሚያሳይ ባር ግን እንደ ላስቲክ ነጥሮ የ50 በመቶውን መስመር ተሻግሮ ከተመለሰ በኋላ 48 ላይ ቢቆም፣ ለአፍታም ቢሆን ያልሆነ ነገር ነግሮናል። ያ መንጠር ከቴምፕሌቱ ጋር የመጣ ነው፤ ማንም አልመረጠውም።

የላቡ ችግርም ይገባኛል። ኮምፒውተሮቹ ጥቂት ናቸው፤ ወረፋ አለ፤ መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ ይጠፋል። በዚህ ሁኔታ ተማሪው ቶሎ የሚታየውን ነገር ቢያስቀድም አይፈረድበትም። ግን መለጠፍ ጊዜ ይቆጥባል የሚለው ስህተት ነው። አንድ ቅርጽ ሲሸሽ ሌየሩን መርጦ ዩ የምትለዋን ቁልፍ ቢጫኑ ያሉት ኪፍሬሞች በሙሉ ይዘረገፋሉ። ኤ ቢጫኑ አንከሩ፣ ፒ ቢጫኑ ፖዚሽኑ ይታያል። ፓረንት የሚለው ሳጥን ውስጥ ማን እንደተጻፈ ማየት ደግሞ መንካትም አይፈልግም። ይህን ሁሉ ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ የሸሸበት ምክንያትም አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ከአንዱ አይወጣም። ይህን ሳያዩ ማውስ መያዝ ነው ላብ ውስጥ የሚያሳድረን።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን በአክብሮት የምጠይቀው ነገር አለ። የግራፊክስ ትምህርታችን አሁን የሚጀምረው ቴምፕሌት ከፍቶ ጽሑፍ በመቀየር ነው። ቴምፕሌቱን ለሦስተኛው ሳምንት ቢያቆዩትና መጀመሪያ አንድ ባዶ አራት ማዕዘን ይዘን አንከር፣ ፓረንትና የኪፍሬም መንገድ ምን እንደሆኑ ብንማር ጥሩ ነው። ፕሮጀክት ስናስረክብም ያለቀውን ቪዲዮ ብቻ ሳይሆን የሶፍትዌሩን ፋይል አብረን እናስረክብ፤ አራሚው ዩ ተጭኖ የተዘራውን ጤፍ ይየው። ካርታ ወይም ግራፍ ያለበት ሥራ ደግሞ ከመቅረቡ በፊት ሥራውን ያልሠራ ሌላ ተማሪ ከእውነተኛው ካርታና ከአሃዙ ጋር ያመሳክረው። ጽሑፍ ስንሰጥ ሌላ ሰው እንዲያነብልን እናደርግ የለ?

ዋናው ጥያቄዬ ግን የምዘና ቅጹ ነው። ቦታውን የሳተ ምልክት፣ መሠረቱን የለቀቀ ባርና የሸሸ ሞዛይክ «ውበትና ፈጠራ» ከሚለው ረድፍ ወጥተው «የመረጃ ትክክለኛነት» በሚለው ሥር ይግቡ። ስንት ነጥብ ያስቀንስ ለሚለው፣ የሰው ስም ተሳስቶ ሲጻፍ አሁን የሚቀነሰው 5 ነጥብ ነው። ከተማ በተሳሳተ ቦታ ሲታይ ከዚያ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም፤ ፊቷ የታየባት ምንጭ ጉዳይ ደግሞ ፕሮጀክቱን እስከ መሰረዝ ቢደርስ እኔ አልቃወምም።